ዘበኛው ያልከፈተለት «አዎ»

ለመሆኑ እናንተ «አዎ» የምትሉት በአፋችሁ ነው ወይስ በሳንባችሁ? ለመመለስ አትቸኩሉ። ዛሬ ጠዋት የታክሲው ረዳት «ጎሮ ነህ?» ሲልህ፣ ጎረቤትሽ በአጥር ላይ «ልጆቹ ደህና አደሩ?» ስትልሽ፣ ምን ብላችሁ መለሳችሁ? ምንም አላላችሁም። አፋችሁን በትንሹ ከፍታችሁ፣ የደነገጠ ሰው እንደሚያደርገው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጋችሁ። ረዳቱ ሰማችሁ፣ ጎረቤትም ሰማች። በዚህ አገር በዚያች ትንፋሽ ልጅ ተድሯል፣ ቤት ተሸጧል፣ የተጣላ ታርቋል። ትንፋሹን ስቦ «አልመለስክም» ተብሎ የተቀጣ ሰው ግን አላውቅም ነበር።

አሁን አንዲት አውቃለሁ። ማስተዋል ትባላለች፤ ጎሮ ነው ቤቷ፣ እናቷ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። «ጮራ ክንፍ» የተባለው የበረራ ድርጅት ተማሪ ነበረች። የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ «አሠልጣኟ ለጠየቋት ጥያቄ መልስ ባለመስጠት አውሮፕላን ላይ አደጋ አድርሳለች» ብሎ አባረራት። መባረሯ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔውን ለሌሎች ማሠልጠኛዎችም አሳወቁ። ከእንግዲህ የአውሮፕላን መሪ የሚያስጨብጣት የለም ማለት ነው።

እኔ የሺአረግ ነኝ። የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነኝ። መልሷን የዋጠውን ኢንተርኮም የገጠምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ መልሷ የት እንደገባ አውቃለሁ።

ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ለማያውቅ ልንገር። ሞተሩ ሲነሳ ጎንህ ያለው ሰው ጆሮህ ሥር ቢጮህ እንኳ አትሰማውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ማይክ ከንፈሩ ፊት ይቆማል፣ ንግግሩ በኢንተርኮሙ በኩል ወደ ሌላው ጆሮ ይሄዳል። ኢንተርኮሙ ያላሳለፈው ነገር እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው።

የጮራ ክንፍ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን አሮጌ ኢንተርኮም ነበራት። ማይኮቿ ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። ሳሉም፣ ማዛጋቱም፣ የሞተሩ ጩኸትም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ ይመጣል። ተማሪዎቹ ለምደውት ነበር። ያልለመዱት የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ዘውዲ ናቸው። እሳቸው ከሥልጠናው ይልቅ ከተማዋን ከላይ ለማየት የሚመጡ ሙሽሮችንና እንግዶችን ነው የሚወዱት።

«የሺአረግ፣ ሙሽራዋ ሰማይ ላይ ሆና ሙዚቃውን የምትሰማው እንደ ሰፈር ሬዲዮ ነው» አሉኝ። «ስቴሪዮ አድርጊልኝ። በሁለቱም ጆሮ፣ ጥርት ያለ።»

አዲሱን አመጣሁ። መቀመጫዎቹን አውጥተን፣ ቦሌ ያለው የአውሮፕላን መጠገኛ ሀንጋራችን ውስጥ እኔና ሙዘሚል ገጠምነው። ሙዘሚል የድርጅቱ መካኒክ ነው፤ የወራቤ ልጅ፣ ተረበኛ፣ እጁ የሰላ። ከመሪው ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ሽቦ ይስብልኛል።

«ይሄ ሁሉ ሽቦ ለዘፈን ነው?» አለኝ ባትሪውን ከአፉ አውጥቶ።

«ለስቴሪዮ ዘፈን። የግራ ጆሮና የቀኝ ጆሮ ለየብቻ ነው የሚሄደው።»

«እኔ ቤት ሚስቴና እናቷ ግራና ቀኝ ለየብቻ ነው የሚሄዱት። አንድ ሽቦ አልፈጁም።»

«ዝም ብለህ ቀለበቷን አጥልቅ።»

ቀለበት የምለው ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ናት። የማዳመጫው መሰኪያ የአውሮፕላኗን ብረት እንዳይነካ ትለየዋለች። ረስተሃት የገጠምክ እንደሆነ በረራው እስኪያልቅ ጆሮህ ውስጥ ንብ ይኖራል። አንዷንም አልረሳንም። የሽቦዎቹን መሸፈኛ በአንድ በኩል ብቻ ከብረቱ ጋር አገናኘን፤ ለሁለቱ የኋላ መቀመጫዎች የሙዚቃውን መስመር ዘረጋን፤ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ቤት ሄደው እንዲያዳምጡ ስልክ ተሰክቶ የሚቀዳበት ቀዳዳም አበጀን። ሲያልቅ ሙዘሚል ኢንተርኮሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማዞሪያዎቹን ይነካካ ጀመር።

«ይቺ ድምፅ ናት፣ ገባኝ። ይቺኛዋስ?»

«ስኩዌልች ትባላለች። ማይኩ በር አለው በል። ሰው ሲናገር ይከፈታል፣ ዝም ሲል ይዘጋል፣ የሞተሩ ጩኸት እንዳይገባ። በሩ ምን ያህል ድምፅ ሲመጣ እንደሚከፈት የምትወስነው ይቺ ናት።»

«ዘበኛ ናት በይኛ።»

«ዘበኛ ናት።»

«የቦሌ ዘበኛ ከሆነች ጉድ ነው። ክላክስ ለነፋ ብቻ ነው የምትከፍተው። ቀስ ብሎ ያንኳኳ ውጭ ያድራል።»

ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በሀንጋሩ ውስጥ ያቺን ማዞሪያ ስኩዌልች ያላት የለም፤ «ዘበኛው» ሆና ቀረች።

ሞተሩን አስነስተን ዘበኛውን አስተካከልኩ። ሙዘሚል በሹክሹክታ ወደ ማይኩ «አቦ፣ ርቦኛል» ሲል እስኪሰማኝ ድረስ ዝቅ አደረግሁት። እዚያ ነጥብ ላይ የሞተሩ ጩኸት ትንሽ ትንሽ ይገባል፣ የሰው ትንፋሽም ይገባል። ይግባ። ሰው የሚተነፍስ ነገር ነው።

ካፒቴን ተካልኝ ይህን አልወደዱም።

ካፒቴን ተካልኝ የድርጅቱ ዋና አሠልጣኝ ናቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል። በጠጠርና በጭቃ ሜዳ ላይ የዕርዳታ እህልና መድኃኒት ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አብራሪነታቸውን የሚነቅፍ አላዋቂ ነው። እኔም አልነቅፍም። ተማሪ ሁሉ ሲያያቸው ይቆማል፣ ሲያናግሩት አንገቱን ይሰብራል። ከመጀመሪያው በረራ ወርደው ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ እኔ መጡ።

«የሺአረግ፣ ይሄ ነገርሽ የተማሪ ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ያስገባል።»

«አሮጌውም ያስገባ ነበር፣ ካፒቴን።»

«አሮጌው እንደ ወንፊት ነበር፣ ምኑም አይለይም። አሁን ግራና ቀኝ፣ ጥርት ብሎ። ትራስ የተጋራን ነው የሚመስለኝ።»

«ከዚህ በላይ ከዘጋሁት ዝግ ብሎ የሚናገር ሰውም ይቆረጣል።»

«ፓይለት ዝግ ብሎ አይናገርም።»

«ተማሪዎችዎ ይናገራሉ። በተለይ ለእርስዎ።»

«እንግዲያው ይልመዱ» አሉ። «እኔ አየር ላይ የምፈልገው ቃል ነው። የሰው ትንፋሽ መስማት አልፈልግም።»

እጃቸውን በመስኮቱ ሰደው ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻዋ አዞሯት። ሲሄዱ መለስኳት። በማግስቱ ደግሞ ተዞራ አገኘኋት፤ መለስኳት። እንዲህ ስንባባል አርብ ደረሰ። አርብ ከሰዓት ልመልሳት ስሞክር አልንቀሳቀስ አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሥሯ ላይ የደረቀ ማጣበቂያ አለ፤ እንደ እንባ ወርዶ የረጋ።

ሙዘሚልን ጠራሁት።

«ይሄን ማን ነው ያደረገው?»

«ካፒቴን ናቸዋ። ማጣበቂያውንም ከእኔ ሳጥን ነው ያነሱት። ‘ስጠኝ’ እንኳ አላሉም፤ አንስተው ሄዱ።»

«ሲያጣብቁ በዓይንህ አየህ?»

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። እኔም ሰማሁትና ወደ ወይዘሮ ዘውዲ ቢሮ ወጣሁ።

«አውሮፕላኗ ትቁም» አልኳቸው። «የኢንተርኮሙ ማዞሪያ በማጣበቂያ ደርቃለች፤ አብራሪውና ተማሪው በደንብ አይደማመጡም።»

«እኔና አንቺ መች ተደማመጥን?» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው የሙሽሮች ፎቶ አሳዩኝ። «ነገ ከሰዓት እነዚህ አሉብኝ፣ የኔ ቆንጆ። ሰኞ ትነቅይዋለሽ። ሙዚቃው ይሠራል አይደል?»

«ሙዚቃው ይሠራል።»

«በቃ።»

ሙሽሮቹ ግን አልበረሩም። ቅዳሜ ጠዋት ካፒቴን ተካልኝ ከከተማ ወጣ ባለ የሣር መንደርደሪያ ላይ ማረፍን ሊያለማምዱ ማስተዋልን ይዘው ሄዱ። አውሮፕላኗ ከመንደርደሪያው ወጥታ፣ የፊት ጎማዋ ተሰብሮ፣ ፕሮፔለሯ መሬት ማሰ። ካፒቴን ግንባራቸው ተጫረ። የማስተዋል ክንዷ ተሰበረ።

ኢንተርኮሙ ላይ ተሰክቶ የነበረው የማስተዋል ስልክ የቀዳውን ሀንጋሩ ውስጥ ሁላችንም ሰማን። የካፒቴን ድምፅ «ይዘሽዋል?» ይላል። ከዚያ ምንም። ቀጥሎ ጠንከር ብሎ «ማስተዋል፣ ይዘሽዋል ወይ?» አሁንም ምንም። ከዚያ የብረት ድምፅ። ወይዘሮ ዘውዲ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ካፒቴን፣ ግንባራቸው ላይ ፋሻ እንዳለ፣ «ደንዝዛ ነበር፤ ልጅ ናት፣ ይደርሳል» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደንግጣ ቃል ጠፍቷት ይሆናል ብዬ ነበር።

ጎሮ ድረስ ሄድኩ። ክንዷ በጄሶ ታስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከሾላ ቀርተው አጠገቧ ናቸው፤ ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል።

«ነፋሱ ከጎን ነበር» አለችኝ። «ልናርፍ ስንል መሪውን ለእኔ ለቀቁልኝና ‘ይዘሽዋል?’ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። ከዚያ ሳላስበው መሪው ከእጄ ይታገለኝ ጀመር። ነፋሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እሳቸው ናቸው። እኔ ወደ ግራ ስል እሳቸው ወደ ቀኝ።»

«ማስተዋል፣ የተቀዳውን ሰምቼዋለሁ። ምንም አላልሽም።»

«ብያለሁ፣ ኢንጂነር።»

«የለም እኮ ነው የምልሽ።»

«ልጄ አትዋሽም» አሉ እናቷ። በቁጣ አልነበረም፤ በርበሬያቸው ንጹሕ መሆኑን ለደንበኛ እንደሚናገሩ ዓይነት ነው። እኔም ነገሩን ለማብረድ ወደ እሳቸው ዞርኩና «እናቴ፣ ሐኪሙ እጇ ይድናል ብሏል አይደል?» አልኳቸው።

እናቷ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

አፍጥጬ አየኋቸው። ሴትዮዋ ምን ነካት ሳይሉኝ አልቀሩም። ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ማስተዋል፣ በዚያ ጊዜ እንዳልሽው አሁን በይልኝ። እንዳለ፣ ሳታሳምሪ። እኔ ካፒቴን ነኝ። ይዘሽዋል?»

ከንፈሯን በትንሹ ከፈተች፣ ትከሻዋ በጥቂቱ ወደ ላይ ተነሳ፣ አየር ወደ ውስጥ ገባ። እናቷ የሰጡኝ መልስ ነው፤ አርብ ለታ ሙዘሚል የሰጠኝ መልስ ነው።

ዘበኛው ለዚህ አይከፍትም። እስከ መጨረሻዋ የዞረች፣ በማጣበቂያ የደረቀች ማዞሪያ በሩን የምትከፍተው ለሚጮህ ብቻ ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ሁለት ጊዜ ውጭ ቀረች። ሰውየውም መልስ ሲያጡ መሪውን ነጠቁ።

«ለምን ጮክ ብለሽ አልተናገርሽም?»

«ለካፒቴን?» አለችኝ።

በጥፊ በያቸው ያልኳት ይመስል ነው ያየችኝ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ቦሌ፣ ወይዘሮ ዘውዲ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ከውጭ የመጡ ጠበቃ ናቸው። ሀይሚ የምትባለው የቢሮው ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ማስተዋል ክንዷን አዝላ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ያየሁትንና የተረዳሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ ሰብሳቢው እንዳይስቁ ጺማቸውን ያዙ።

«ስለዚህ ተማሪዋ የመለሰችው በ… መተንፈስ ነው።»

«በአማርኛ ነው የመለሰችው» አልኩ። «እርስዎም ቤትዎ እንደዚሁ ነው የሚመልሱት።»

ካፒቴን ተካልኝ እጃቸውን አነሱ። የተናገሩትን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ ከሚባለው በላይ ጥሩ ንግግር ነበርና።

«ልጆቼ፣ አየር ላይ መልስ ማለት ቃል ነው። ‘ይዤዋለሁ’ የሚል ቃል። በመጀመሪያ ቀን ያስተማርኳት ነው። ትንፋሽ ከፍርሃትም ይመጣል፣ ከድካምም ይመጣል። ሰው ሲሞትም ትንፋሹን ይስባል። እኔ በሰው ትንፋሽ ተማምኜ አውሮፕላን አላሳርፍም።»

መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። አንድ ቃል አልጎደለውም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ይዤ ነበር የመጣሁት። በአሮጌው ኢንተርኮም ጊዜ ተማሪዎች ስልካቸውን ማዳመጫቸው ሥር ሸጉጠው ይቀዱ ነበር፤ ከማስተዋል ስልክ አንዱን ከፈትኩ። ሞተሩ ያጓራል፣ ከጩኸቱ መሐል የካፒቴን ድምፅ «ይዘሽዋል?» ይላል። ቀጥሎ ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ። ቀጥሎ የካፒቴን ድምፅ፦ «ጎበዝ፣ ቀጥይ።»

ሌላ ከፈትኩ። «ይዘሽዋል?» ትንፋሽ። «ጎበዝ።»

«ካፒቴን» አልኩ፣ «ጎበዝ ያሏት ለምኑ ነው?»

ግንባራቸው ላይ ያለውን ፋሻ ነካ ነካ አደረጉ። ሰብሳቢው ናቸው የመለሱላቸው፦ «የቀድሞ በረራዎች የዛሬ አጀንዳ አይደሉም።»

«እሺ፣ የዛሬውን እንነጋገር። ካፒቴን ሁልጊዜ የሚቀበሉትን መልስ ያን ቀን ያልሰሙት እሳቸው ራሳቸው ማዞሪያዋን ስላጣበቋት ነው።»

«ማስረጃ?»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኢንተርኮሙ «ለጥገና» ተብሎ ተነቅሎ ነበር። የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ አዲስ ማዞሪያ ተገጥሞለታል፤ ፊቱ እንደ መስተዋት ተወልውሏል። ማን ነቀለው፣ ማን ወለወለው ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ሌላውን አየ።

«ምስክር አለኝ» አልኩ።

ሙዘሚል ተጠርቶ ገባ። የሥራ ልብሱን አውልቆ ኮት ለብሷል። እጁን ታጥቧል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ግን እንዳለ ነው። ሰብሳቢው አነበቡለት፦ «ካፒቴን ተካልኝ የኢንተርኮሙን ማዞሪያ በማጣበቂያ ሲያጣብቁ በዓይንህ አይተሃል?»

ሙዘሚል ካፒቴንን አየ። ወይዘሮ ዘውዲን አየ። ማስተዋልን ግን አላየም። ከዚያ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ሞተር የለም፣ ኢንተርኮም የለም፣ ዘበኛ የለም። ሁላችንም ሰማነው። ማስተዋል ቀና አለች። ሀይሚ እስክሪብቶዋን አንስታ ሰብሳቢውን አየች።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

«መልስ አልሰጠም ብለሽ ጻፊ።»

ተነሳሁ። «መልሷል። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሀይሚ፣ አንቺ ሰምተሻል።»

ሀይሚ ወረቀቷን አየች።

«ወይዘሪት የሺአረግ፣ ይቀመጡ» አሉ ሰብሳቢው። «ምስክሩ ቃል አልተናገረም። ካፒቴን አሁን እንዳስረዱን፣ መልስ ማለት ቃል ነው።» ወደ ሙዘሚል ዞሩ። «ሌላ የምትጨምረው አለ?»

«የለኝም» አለ ሙዘሚል።

ይህንን በቃል ተናገረው፣ ጥርት አድርጎ። ሀይሚም ጻፈችው። «ሌላ» አሉ እኮ ሰውየው። መልስ ካልሰጠ ከምኑ ሌላ ነው የሚጨምረው? ጠበቃ ናቸው፣ የቃል ሰው ናቸው፤ አፋቸው ያወቀውን ጆሯቸው ካደ። ይህን ብዬ ጮህኩባቸው። ስሜቴን መቆጣጠር እንዳልቻልኩ ተመዘገበ። የእኔ ድምፅ ዘበኛውን ለማስከፈት በቂ ነበር፤ የተከፈተልኝ ግን የመውጫው በር ነው።

ከቢሮው ስንወጣ ማስተዋል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ኢንጂነር፣ እሱም እንደኔ ነው ያለው፣ አይደል?»

ምን ልበላት? ትንፋሼን ወደ ውስጥ ልስብ ስል ያዝኩትና «አዎ» አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ወደ ጎሮ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገባች።

ሙዘሚልን ኢምፔሪያል አካባቢ ደረስኩበት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል፤ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጎታል።

«ሙዜ፣ ለምን?»

«ምን ለምን? መለስኩ እኮ። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሷም ሰምታለች። እሳቸውም ሰምተዋል። አላህም ሰምቷል። ሌላ ማን ቀረ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱን ተይው፣ የሺ» አለ። መኪናው ሲጠጋ ሰልፉ ተገፋፋ። «ዘበኛው የሚከፍተው ክላክስ ለነፋ ነው ብዬሽ ነበር፤ ስቀሻል። እኔ ክላክስ የለኝም።»

«ልጅቷ ሕይወቷን ነው ያጣችው።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቃል ነበር።»

«አንድ ቃል ነበር» አለ። «ስቤ አስገባሁት። ማስወጣት አቃተኝ።» ገባና በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ አላየኝም።

በሙዘሚል ላይ መቆጣት ቀላል ነው፤ እኔም በቀላሉ የምቆጣ ሰው ነኝ። ግን አስቡት። ትንፋሽን «አዎ» ያደረግነው ለዚህ አይደል? ከታላቅ ፊት ድምፅ እንዳናሰማ። ስንናገር እንዳልተናገርን፣ ነገ «መች አልኩ?» እንድንል። ትንሹ ለትልቁ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ትልቁም ሲፈልግ «ጎበዝ» ይለዋል፣ ሳይፈልግ «መልስ አልሰጠም» ብሎ ያስጽፈዋል። መስማት የሚችለው ሰውየው ሲሆን፣ ማዞሪያዋም በእሱ እጅ ስትሆን፣ የተናጋሪው ጥፋት ምን ላይ ነው?

ከዚያ ሳምንት ወዲህ የሀንጋሩ ዘበኛ፣ በደህና ጊዜ «ኢንጂነር ሰላም» ብሎ ከሩቅ የሚከፍትልኝ ሰው፣ በሩን በትንሹ ገርበብ አድርጎ «ፈቃድ የለሽም ተብያለሁ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ደመወዝ የሚከፈለው በር እንዲዘጋ ነው።

ማስተዋልን ባለፈው ሾላ አገኘኋት። ጄሶው ወጥቷል፤ ክንዷ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ በአንድ እጇ እናቷን ትረዳለች። አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ «ይሄ የዘንድሮ ነው?» አለቻት።

«አዎ» አለች ማስተዋል።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ፣ ልክ ለበረራ መቆጣጠሪያው ታወር እንደምትናገር። ሴትዮዋ ደንግጣ ቀና አለች። ከጎን ያለችው ነጋዴ «ይቺ ልጅ ምን ያስጮኻታል?» ብላ አጉረመረመች።

«ተያት» አሉ እናቷ በርበሬውን እየሰፈሩ። «እንደዛ ካላለች አልሰማንም ይላሉ።»

ማስተዋል እኔን አይታ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ሰማይ ላይ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ወደ ቦሌ እየወረደ ነበር። ገበያው ሁሉ ሥራውን ይሠራል። እሷ ብቻ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እጇን ከሚዛኑ አላነሳችም።

ካፒቴን ተካልኝ፣ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ካላነበቡትም የሚያነብልዎ አይጠፋም። ስለ ነፋሱ አልጠይቅዎትም። መሪውን ለምን እንደነጠቁም አልጠይቅዎትም፤ መልስ ያጣ አብራሪ መሪውን ይነጥቃል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ኮሚቴው ሙዘሚልን ጠየቀው እንጂ እርስዎን አልጠየቀም። ከሙዘሚል ሳጥን ማጣበቂያውን አንስተው ያቺን ማዞሪያ ያጣበቁት እርስዎ ነዎት ወይስ አይደሉም? ተማሪዎችዎ በተሰበሰቡበት፣ የማስተዋል እናት ፊት ለፊት በተቀመጡበት፣ ሀይሚ እስክሪብቶዋን በያዘችበት፣ በአደባባይ ይመልሱ። በቃል ይመልሱ፣ ካፒቴን። ትንፋሽዎን መስማት አልፈልግም።